አበቡን የጠበቀ ቀኑ ይቆጠርለት

ኅዳር 3፣ ረቡዕ (1979)

ዛሬም እንደ ትናንቱ። አርባ አንድ በሽተኛ። ሳል፣ ተቅማጥ፣ ማጭድ የቆረጠው ጣት... አጨዳ ነውና ጣት በዝቷል። እስከ ስምንት ሰዓት ሳልቀመጥ ሠራሁ።

የጤና ጣቢያው ጸሐፊ ዘመቻ ከሄደ ወዲህ የነፃ ሕክምና ወረቀት ማየትም የኔ ሥራ ሆኗል። ድህነቱን የገበሬ ማኅበሩ መስክሮ፣ ማኅተም አርፎበት ካልመጣ በነፃ አይታከምም። አንድ ሽማግሌ ያመጡትን ዝናብ አግኝቶት ማኅተሙ ጠፍቷል።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ አይነበብም።»

«እንግዲያው እኔን አንብቢኝ» አሉኝ።

አስገባኋቸው። ኃላፊያችን አምባቸው አይቶ እንዳላየ አለፈ። ደህና ሰው ነው፣ ቸር ለመሆን ይፈራል እንጂ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

አንድ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ዋለ። ተራ አይዝም፣ አያስል፣ አያነክስ። ሁሉም ሲወጣ ገባ። ካሳ ይባላል። ገበሬ ነው፤ ከዚህ ከመካነ ሰላም ሁለት ሰዓት ከሚያስኬደው፣ ገደል አፋፍ ላይ ካለው መንደር።

«የእንቅልፍ ኪኒን ፈልጌ ነበር፣ ዶክተር።»

ዶክተር አይደለሁም። ጤና ረዳት ነኝ ብል ማን ይሰማል?

«ለማን ነው?»

«ለቤት።»

ቤት የሚላት ሚስቱን ነው። አበቡ። የመጀመሪያ ልጇን፣ ሴት፣ ከወለደች አሥራ ዘጠኝ ቀኗ። መጀመሪያ ዝም አለች አለኝ። ከዚያ መተኛት ተወች። ከዚያ መናገር ጀመረች፤ ይኸው እስካሁን አላቆመችም። ይቺ ልጅ የኔ አይደለችም ትላለች።

«ለምን ይዘሃት አልመጣህም?»

መሬት መሬት ያያል።

«አስራችኋታል?»

«ማክሰኞ ልጅቱን ታቅፋ አፋፉ ላይ አገኘናት» አለ ቀስ ብሎ። «ምን እናድርግ ታዲያ?»

ምን ልበለው? በሥልጠናችን ጊዜ ስለ አእምሮ ሕመም የተማርነው ሁለት ሰዓት ነው። አስተማሪው ቸኩሎ ነበር። የማስታውሰው የአንድ መድኃኒት ስም ብቻ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ከካሳ ጋር ወረድኩ። በቅሎ አምጥቶልኝ ነበር፤ ቁልቁለቱን ስለፈራሁ በእግሬ ሄድኩ።

ምሰሶው ሥር ተቀምጣለች። መጫኛ ወገቧን ዞሮ ከምሰሶው ጋር ታስሯል። እጇም ታስሯል፤ አንጓዋ ተልጧል። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ፀጉሯ እርጥብ ነው፤ የካሳ አጎት ቄስ ወልደሩፋኤል ጸበል ረጭተዋት መጨረሳቸው ነበር።

ልጅቱን ጎረቤታቸው ዘይነባ ናት የምታጠባት። የራሷን የስድስት ወር ልጅ ባንዱ ጡት፣ ይቺን ባንዱ። የካሳ እናት እማማ ወርቅዬ መጀመሪያ ላይ «ክርስትና እንኳ ያልተነሳች...» ብለው አጉረምርመው ነበር አሉ። ቄሱ ናቸው «የተራበ ሕፃን ሃይማኖቱ አይጠየቅም» ያሏቸው።

«አበቡ፣ አመለወርቅ እባላለሁ» አልኳት።

«አውቅሻለሁ። የመንግሥት ነሽ።»

«ልጅሽ ደህና ናት።»

«የኔ አይደለችም። የኔን ታች ቆላ ወስደዋታል። ይቺን ስመልስላቸው የኔን ይሰጡኛል።»

በጣም በረጋ ድምፅ። መንገድ እንደሚያሳይ ሰው። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ከመድኃኒት ሣጥናችን ሥር ያገኘሁትን፣ ያን ስሙን ያልረሳሁትን መድኃኒት፣ ክሎርፕሮማዚን ይዤ ነበር። ሃያ አንድ ፍሬ፤ የሳምንት። ቄሱን ፈራኋቸው። «አባ፣ ከጸበሉ ጋር ይሄን ብትወስድ ይከፋዎታል?» አልኳቸው። ኪኒኑን በመዳፋቸው ይዘው ብዙ አዩት።

«በጸበሉ ትዋጠው» አሉ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

አምባቸውን አናገርኩት።

«አዲስ አበባ ነው የምትላከው። የነፃ ወረቀት አለው ሰውየው?»

«አለው።»

«እንግዲያው አልጋውም መድኃኒቱም በነፃ ነው።»

«መኪናውስ? የታሰረች ሴት ከእህል ጆንያ ጋር ተጭና ነው? ካሳ አብሯት ሲሄድ አዝመራውን ማን ያነሳዋል? ሕፃኗስ?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ወረቀቱ የሚሠራው ከሆስፒታሉ በር ወዲያ ነው፣ አመለወርቅ። እስከ በሩ ያለው የራሳቸው ጉዳይ ነው። እኔ አላወጣሁት።»

መድኃኒቱን እዚህ እናስመጣ ስለው፣ ዝርዝራችን ውስጥ የለም አለ። ለወባ መደብ አለ፣ ለሳንባ አለ። ለዚህ የለም።

ከዚህ እስከዚያ በር ስንት ቀን ነው? በመንገዱ ላይ የሚሆነው የማን ሕመም ነው?

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ካሳ መጣ። ፊቱ ሌላ ሰው ሆኗል። ሌሊቱን ሙሉ ተኛች፣ ሁለተኛ ሌሊቷ። ውኃ ጠየቀች፤ እናቴ የት ናት አለች።

«ፍታት» አልኩት። «ግን ሰው ከአጠገቧ እንዳይለይ።»

«እሺ» አለ።

ኅዳር 11

ሳፏጭ ዋልኩ። አምባቸው ምን አገኘሽ ሲለኝ ሳቅሁ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

መጻፍ ከበደኝ...

ትናንት የኅዳር ሚካኤል ነበር። መንደሩ እንዳለ ደብሩ ሄዷል። እማማ ወርቅዬ ጠባቂ ሆነው ቀርተው፣ ደክሟቸው፣ እንቅልፍ ጣላቸው። አበቡ ከአጠገባቸው የተኛችውን ልጅ አንሥታ ወጣች።

ሚካኤልን የማታከብር፣ ቤቷ የቀረች ዘይነባ ብቻ ነበረች። ከደጇ ሆና አፋፉ ላይ አየቻት። ዛሬ ስወርድ ራሷ ነገረችኝ፤ ስትነግረኝ ሁለቱንም ሕፃናት ታቅፋ ነበር።

«አልጮህኩም፣ ወላሂ» አለች። «ብጮህ ገደል ትገባለች ብዬ። ቀስ ብዬ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። 'አበቡ፣ ይቺ ልጅ ርቧታል። የሰው ልጅ ተርባ ትመለሳለች እንዴ? ነውር ነው። ላጥባትና ያኔ ትመልሻታለሽ' አልኳት። አሰበችበት። ከዚያ ሰጠችኝ።»

«ከዚያስ?»

«እያጠባሁ፣ 'ነፋሱ በረደኝ፣ ቤት ድረስ ሸኚኝ' አልኳት። ሸኘችኝ።»

እንዲህ አድርጊ ብሎ ማን አስተማራት?

አበቡ ታስራለች። በፊት ከነበረው አጥብቀው። ከገመዱ ሥር ጨርቅ ላድርግላት ስል እማማ ወርቅዬ እጄን ያዙኝ።

«ያስፈታሻት አንቺ ነሽ። ገደል ብትገባ ወረቀት ትጽፊልን ነበር?»

እጄን ለቀቁኝና ጨርቁን ራሳቸው አደረጉላት።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ለምን ተጣደፍኩ? ለሷ ብዬ ነው? ወይስ ገመዱን ማየት ስላቃተኝ ለራሴ? «ሰው እንዳይለይ» አልኩ እንጂ፣ ማን? ብዬ አልጠየቅሁም። በአዝመራ ጊዜ፣ በበዓል ቀን፣ ማን? አለመጠየቄ ነው...

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ኪኒኑ አለቀ። ጾም ገባ። ካሳ ለአዲስ አበባው መንገድ በሬ ሊሸጥ ነው ይላሉ። አንድ በሬ ሸጦ ከርሞ በምን ሊያርስ?

አምባቸው ጋ ገባሁ። አንዲትን በሽተኛ እስከ ደሴ ብቻ ለማድረስ የሚፈጀውን ናፍጣና የሺህ ኪኒን ዋጋ ጎን ለጎን ጽፌ አስቀመጥኩለት። ኪኒኑ የናፍጣውን እሩብ አይሆንም።

አንዴ አነበበው። ደግሞ አነበበው።

«የሁለት ቀን ፈቃድ እሰጥሻለሁ ብል መንገዱ ብቻ ይበላዋል» አለ። «እስከ ቅዳሜ ይሁን። ደብዳቤም እጽፍልሻለሁ። ግን ዝርዝር ውስጥ የለም ካሉሽ እኔን እንዳትወቅሺ።»

ኅዳር 18፣ ሐሙስ፣ ደሴ

ማክሰኞ በጭነት መኪና ወጥቼ አቀስታ አደርኩ፤ ትናንት ማታ ገባሁ። ወገቤ የኔ አይመስለኝም።

መድኃኒት ማከማቻ ሄድኩ። ዝርዝር ውስጥ የለም አሉኝ። እንደሚሉኝ አውቅ ነበር፤ ሆኖም ስሰማው እንባ መጣብኝ። ሆስፒታል ሄጄ ኮሪደር ላይ እስከ አሥር ሰዓት ቆምኩ። አንድ ሐኪም፣ ስሙን እንኳ ሳልጠይቅ፣ ወደ ቤቱ ሊሄድ ካፖርቱን እንደለበሰ አዳመጠኝ።

«ከዚህ በፊት ለስንት ሰው ሰጥተሻል?»

«ለአንድ።»

አልሳቀብኝም። ተመልሶ ተቀመጠ። መጠኑን በምን ያህል እንደምጨምር፣ እንደምቀንስ፣ እጇ ቢንቀጠቀጥ ምን እንደማደርግ በወረቀት ጻፈልኝ። ማጥባቱን ለጊዜው ጎረቤቷ ትቀጥል አለ። ለማከማቻውም ጻፈልኝ።

ስወጣ ጠራኝ። «ስድስት ሳምንት ቀንም ማታም አጠገቧ ሰው ያስፈልጋል። ያን ኪኒኑ አይተካም። ሆስፒታል ብትተኛ ነርስ ይመደብላታል። ቤቷ ከሆነች ማን እንዳለ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ገባሁ። ኪኒኑ በእጄ ነው። መንገዱን ሁሉ ሳስብ የመጣሁት ግን ሐኪሙ ስወጣ ያለኝን ነው። ማታ ማታ ካሳና እናቱ አሉ። ቀን ቀን ማን?

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ዛሬ ልስቅበት የማይገባኝ ነገር ያስቀኛል።

ዘይነባ ልትቀመጥ ፈቃደኛ ናት፤ ሌላዋ ጎረቤት ሸጋዬም እንደዚሁ። ግን ሁለቱም እርከን ሥራ ላይ ናቸው። ድንጋይ ተሸክመው ካልዋሉ የእርዳታው ስንዴና ዘይት አይሰፈርላቸውም። ከዚያ የረሃብ ዘመን ወዲህ ቤታቸው የሚበላው በዚያ ነው። አበቡን ጠብቁ ብሎ ማስራብ አይሆንም።

የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ቸኮልን ከቄስ ወልደሩፋኤል ጋር ሆነን እርከኑ ላይ አገኘነው።

«ጓድ ቸኮል፣ ሁለቱ ሴቶች አበቡን የጠበቁበት ቀን ይቆጠርላቸው» አልኩ።

«ምን ተብሎ? እርከን ተብሎ? ሰው መጠበቅ ሥራ ነው እንዴ?»

ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ናፍጣው፣ ስለ ሆስፒታሉ። አይሰማኝም፤ ድንጋይ ይቆጥራል። ቄሱ ናቸው የገቡት።

«ቸኮል፣ የማኅበሩን ከብት የሚጠብቀው ቀኑ አይቆጠርለትም?»

«ይቆጠርለታል እንጂ።»

«እኮ።»

ቸኮል መዝገቡን ከብብቱ አወጣ፣ መልሶ ከተተው፣ ደግሞ አወጣው። «ልዩ ልዩ ሥራ ብዬ ነው የምጽፈው» አለ። «ሲጠይቁኝ አንቺን እጠራለሁ።»

«ጥራኝ» አልኩት።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

በሳምንት ሁለቴ እወርዳለሁ። ዛሬ ገመዱ ቀን ቀን ወልቋል። እኔ አይደለሁም ያልኩት። ዘይነባና እማማ ወርቅዬ ተመካክረው ነው፤ እኔን ሲጠይቁኝም «እናንተ ናችሁ የምታውቁ» አልኩ። አፏ ይደርቃል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። መጠኑን ቀነስኩ።

ጥጥ ሰጥተዋት ስትፈለቅቅ ነበር። ድንገት ቀና ብላ «ምን አድርጌ ነው?» አለች። ሁላችንም ጥጡን አየን።

«ታመሽ ነበር» አለቻት ሸጋዬ። ደግነቱ እውነት ነው።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

ልጅቱን ልያዛት አለች።

ዘይነባ አልተነሣችም። ጎን ለጎን ሆነው፣ ከጭኗ ወደ ጭኗ አሻገረቻት። እማማ ወርቅዬ በሩ ላይ ቆመዋል፤ መተንፈሳቸውን እንጃ። አበቡ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘረጋጋቻቸው። ጆሮዋን አየች።

«የኔ ናት?»

«ያንቺው ናት፣ አብሽሪ።»

«ምን ታውቂያለሽ?»

«ስትወልጂያት ያዋለድኩሽ እኔ አይደለሁም ወይ? ከእጄ አልወጣችም» አለች ዘይነባ።

አበቡ ብዙ አሰበች። አመነች ማለት አልችልም። ግን አልመለሰቻትም።

ታኅሣሥ 23፣ ሐሙስ

ቸኮል አስጠራኝ። ከአውራጃው የመጣ አንድ ሰውዬ መዝገቡን ገልጦ «ልዩ ልዩ ሥራ» ላይ ጣቱን አድርጎ ተቀምጧል።

ነገርኩት። ሁሉንም። ገደሉን፣ ደሴን፣ ከብቱን ሳይቀር። አቋርጦ አልተቆጣም። «ገብቶኛል፣ እህቴ» አለ። «ግን ስንዴው የመጣው ለእርከን ነው። ነገ ሁሉም ቤቴ በሽተኛ አለ ቢልስ?»

«ሁሉም ቤት ቢኖረውስ?» አልኩ። ጣቱን ከመዝገቡ ላይ አላነሣም። ተንኮለኛ አይደለም። ለሱም ከላይ አንድ የሚጠይቀው አለ።

ከነገ ጀምሮ ይቁም፣ እስካሁን የተሰፈረላቸው ግን አይመለስ ተባለ። ቸኮል መዝገቡን ሲዘጋ አየኝ። የሃያ ሰባት ቀን አግኝተዋል።

ሸጋዬ ከነገ ጀምሮ እርከን ናት። አምስት ልጅ አላት፣ ምን ይባላል? ዘይነባን «አንቺስ?» አልኳት። «እኔማ እቀመጣለሁ፣ ቤቴ አፍንጫዬ ሥር ነው፤ ደግሞ ልጄ እዚያ አይደለች?» አለች። ልጄ የምትለው የአበቡን ነው።

አንድ ገጽ ሪፖርት ጻፍኩ። ኪኒኑ ይግባልን፣ የሚጠብቅ ሰውም ቀኑ ይታሰብለት ብዬ። አምባቸው አንብቦ፣ ሁለተኛውን ሊሰርዝ ብዕሩን አነሣ። ከዚያ ፈረመበት።

ጥር 6፣ ረቡዕ

ሰማንያ ቀኗ ነው። ክርስትና ተነሣች። አበቡ ራሷ አቅፋት ወደ ደብሩ ሄደች። ከኋላዋ እማማ ወርቅዬ፤ ዓይናቸውን ከእጇ ላይ ሳይነቅሉ። ገና አላመኗትም። አበቡም ታውቃለች፤ ዘወር ብላ «አልጥላትም፣ እማማ» አለቻቸው። ደንግጠው «ኧረ እኔስ ነጠላሽን ነው የማየው» አሉ።

ረቡዕ ስለሆነ ድግሱ የጾም ነበር። በጀ። የሥጋ ነገር ስለሌለ ዘይነባም ከሁላችን ጋር ከአንድ ገበታ በላች። ቄሱ ሲመርቁ «ላጠባች» ብለው ጀመሩ። ሌላ ስም አልጠሩም። አንገቷን ደፋች።

መንገዱ ባፋፉ በኩል ያቋርጣል። አበቡ ግን በላይ በኩል፣ በእርሻው ዞራ ነው የሄደች። ሁላችንም ተከተልናት።

የካቲት 2፣ ሰኞ

የሪፖርቱ መልስ መጣ። ክሎርፕሮማዚን በሩብ ዓመቱ ዝርዝራችን ገብቷል። አንድ መስመር ነው። አምባቸው ሦስት ጊዜ አነበበልኝ፤ ደስ ብሎታል።

ስለሚጠብቀው ሰው አንድም ቃል የለም። እምቢ እንኳ አላሉም።

ደስ አለኝ? አዎ። ግን ሙሉ አይደለም። ኪኒን ይቆጠራል፣ ይፈረምበታል፣ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ዘይነባ በየትኛው ሣጥን ትገባለች?

የካቲት 19፣ ሐሙስ

ትናንት አካሉ የሚባል ሰው መጣ፣ ከወንዙ ማዶ። የታመመችው እህቱ አልታዬ ናት። ልጇ ሰሜን ግንባር ወድቋል የሚል ወሬ ከሰማች ወዲህ አትበላም፣ አትተኛም፣ ሌሊት እየወጣች መንገደኛ ታስቆማለች። አስረዋታል። «እዚያ አፋፍ መንደር ያለችውን ሴትዮ ያዳንሻት አንቺ ነሽ አሉኝ» አለ። እኔ አይደለሁም አልኩት። ማን እንደሆነች ግን ምን ብዬ ላስረዳው?

ዛሬ ጠዋት ስሄድ በነአበቡ ደጅ አለፍኩ። የሚወስደው መንገድ ያው ነው። አበቡ ወዴት ነሽ አለችኝ። ነገርኳት። ትንሽ ቆማ «ጠብቂኝ» አለች። ልጅቱን ለዘይነባ ሰጥታ መጣች። ካሳ በር ላይ ቆሞ ሊናገር ነበር፤ ተወው። እማማ ወርቅዬ ቋጠሮ ስንቅ አምጥተው አስያዟት።

መንገዱን አላወራንም። አንዴ ብቻ፣ ዳገቱ ላይ፣ «ስጮህ ነበር?» አለችኝ።

«አይ። ቀስ ብለሽ ነበር የምታወሪ።»

«እሱ ይብሳል» አለች።

አልታዬ በእህል ጎታው ጥግ ታስራለች። ጠና ያለች፣ ትልቅ ሴት። ኪኒኑን ሰጠኋት፤ ዋጠች። አካሉ በአክብሮት «እንፍታት እንዴ፣ ዶክተር?» አለኝ።

«ቀን ቀን ማን አብሯት ይውላል?»

እርስ በርስ ተያዩ። አዝመራው ገብቷል፣ ግን እርከን አለ፣ ስብሰባ አለ፣ ገበያ አለ። መጠበቅ ለመድኩ። መልሱ እስኪመጣ አልናገርም ብዬ ቆምኩ።

«እስከ እሑድ እኔ አለሁ» አለች አበቡ ከኋላዬ። «ከዚያ እናንተ በየተራ ትገባላችሁ። እንዴት እንደሆነ አሳያችኋለሁ።»

ማን እንደሆነች ማንም አያውቅም። ነጠላዋን ሰብስባ ሄዳ ከአልታዬ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀመጠች።

አልታዬ አየቻት። «አንቺስ ማነሽ? የመንግሥት ነሽ?»

«አይደለሁም» አለቻት አበቡ። «ታስሬ የነበርኩ ነኝ።»

አልታዬ ከእግር እስከ ራሷ ስታያት ቆየች። ከዚያ ገመዱ እስከፈቀደላት ድረስ ጠጋ ብላ፣ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችላት።